የታሰሩት ትንንሽ የነሐስ ሰዎች

ከእንግሊዝ አገር የእርሻ ማሳዎች አልፎ አልፎ አንድ ዓይነት ትንሽ የነሐስ ምስል ይወጣል። ቁመቱ አራት ወይም አምስት፣ ቢበዛ ስድስትና ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጨብጠው ቢይዙት አይታይም። ምስሉ ራቁቱን የተቀመጠ ወንድ ነው። ጉልበቶቹ ወደ ደረቱ ተሰብስበዋል። አንገቱ ላይ ወፍራም ገመድ ተጠምጥሟል፤ ገመዱ በደረቱ በኩል ቁልቁል ወርዶ ሁለት እጆቹን አንጓቸው ላይ አጣምሮ ያስራል፤ ከዚያም እስከ ቁርጭምጭሚቶቹ ይዘልቅና እግሮቹን ያቆራኛል። ሰውየው ሕያው ቢሆንና እግሩን ልዘርጋ ቢል ገመዱ አንገቱን ይስበው ነበር።

ራሱ ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ ትልቅ ነው። ዓይኑና አፉ በጥቂት ጭረት የተሠሩ ናቸው። በአብዛኞቹ ምስሎች ላይ ሠሪው ፊቱን በችኮላ አልፎት ገመዱ ላይ ግን ተጠንቅቋል። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ የሚነግር ምልክት የለም። መታሰሩ ብቻ በግልጽ እንዲታይ ተደርጓል።

እነዚህ ምስሎች የሮማ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛውና በ3ኛው ክፍለ ዘመን ይመድቧቸዋል። የተገኙት በብሪታንያና በአውሮፓ መሬት ላይ የሮማ ግዛት ድንበር በነበሩት በራይንና በዳኑብ ወንዞች አካባቢ ነው። ብዛታቸው ትንሽ ነው፤ የሮማ ሳንቲም በሺህ የሚቆጠር ሲወጣ እነዚህ ግን ተለቅመውም ጥቂት ናቸው። ከታወቁት መካከል አንዱ በሰሜን እንግሊዝ፣ ካምብሪያ ውስጥ፣ ብሮ አንደር ስቴንሞር ከሚባል ቦታ የተገኘ ሲሆን ዛሬ ያለው በብሪቲሽ ሙዚየም ነው። በዚያው ሙዚየም ይሠሩ የነበሩት ራልፍ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2005 የታወቁትን ምስሎች ሰብስበው አንድ ጽሑፍ አወጡ። ርእሱ ላይ ያስቀመጡት ጥያቄ እነዚህ ምርኮኞች የባርነት ምልክት ይሆኑ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም።

ያልተዘጋበትን ምክንያት ለመረዳት ምስሉን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ሰውነቱ በሁለት ቀዳዳዎች ተበስቷል፤ አንዱ ቁልቁል ያልፋል፣ ሌላው አግድም። ቀዳዳዎቹ በአጋጣሚ የተፈጠሩ አይደሉም። በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚታይ ጌጥ ወይም በቤት ውስጥ የሚመለክ ጣዖት እንዲህ አይበሳም። ስለዚህ ምስሉ ለብቻው የሚቆም ነገር እንዳልነበረ እርግጠኛ መሆን ይቻላል። በአንድ ነገር ላይ ተሰክቶ ወይም አንድ ነገር አልፎበት ይሠራ ነበር። ያ ነገር ዘንግ ሊሆን ይችላል፤ ገመድ፣ ሰንሰለት፣ የሠረገላ ክፍል ወይም የዱላ ጫፍም ሊሆን ይችላል። ችግሩ ምስሉ የሚገኘው ሁልጊዜ ብቻውን መሆኑ ነው። የተሰካበት ዕቃ አብሮት አይወጣም።

የቀረቡት ግምቶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ምስሉን ከጦር ሠራዊቱ ጋር ያያይዘዋል። ድንበር አካባቢ መገኘቱ፣ የታሰረ ጠላት በሮማ ጥበብ ውስጥ የድል ምልክት መሆኑ፣ በቀላሉ በአንድ ዕቃ ላይ ሊገጠም መቻሉ ይህን ይደግፋሉ። በዚህ አስተሳሰብ ምስሉ በሠራዊቱ ዓርማ ላይ ወይም በወታደር ትጥቅና ዕቃ ላይ የሚንጠለጠል የድል ማስታወሻ ይሆናል። ሁለተኛው ወገን ምስሉን ከባሪያ ንግድ ጋር ያገናኘዋል፤ የነጋዴ መለያ፣ የእስረኛ ሰንሰለት ክፍል፣ ወይም ሰው የሚሸጥበትን ቦታ የሚያሳውቅ ምልክት ነበር ይላል። ሦስተኛ መንገድ ማሰብም ይቻላል፤ በግሪክና በሮማ ዓለም ሰዎች ጠላታቸውን በአስማት ለማሰር እጁ የተጠፈረ የእርሳስ ወይም የሸክላ ምስል ሠርተው ይቀብሩ ነበርና። ይህ ግን ለእኔ ደካማው ነው። የአስማቱ ምስሎች ለአንድ ጊዜ ተሠርተው መቃብር ወይም ጉድጓድ ውስጥ የሚጣሉ ናቸው። የነሐስ ምርኮኞቹ ግን በቅርጽ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ የሚገጠሙትም ለአገልግሎት ነው።

በሁለቱ ዋና ግምቶች መካከል ያለው ልዩነት መጀመሪያ የሚመስለውን ያህል ሰፊ አይደለም፤ በሮማ ዓለም ጦርነትና የባሪያ ንግድ የሚነጣጠሉ ሥራዎች አልነበሩምና። ነጋዴዎች ሠራዊቱን ተከትለው ይጓዙ ነበር። ዩልዮስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ57 ዓመት በሰሜናዊ ጋሊያ የአዱዋቱቺን ከተማ ሲይዝ ሕዝቡን በአንድ ጊዜ እንደሸጠ ራሱ ጽፏል። የገዙት ሰዎች ቆጥረው የነገሩት 53,000 ሰው ነበር። ቄሳር ቁጥሩን የሚጠቅሰው እንደ ማንኛውም የሒሳብ መግለጫ ነው፤ ወዲያው ወደሚቀጥለው ጉዳይ ያልፋል።

የኢየሩሳሌምን መፍረስ ዜና አይሁድ በሚባለው መጽሐፍ በኩል ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም። የሮማው የጦር አዛዥ ጥጦስ ከተማይቱን እ.ኤ.አ. በ70 ሲያጠፋ በዚያ ጦርነት በጠቅላላ የተማረኩት 97,000 እንደነበሩ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ በራሱ የግሪክኛ መጽሐፍ ላይ አስፍሯል። ዕድሜያቸው ከ17 በላይ የሆኑት ብዙዎቹ በሰንሰለት ታስረው ወደ ግብፅ የግዳጅ ሥራ ተላኩ፤ ከ17 በታች የሆኑት ተሸጡ። የጥጦስ አባት ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን ደግሞ ይሁዳ መማረኳን የሚያውጅ ሳንቲም አስቀረጸ። ሳንቲሙ ላይ የዘንባባ ዛፍ ይታያል፤ ከሥሩ አንዲት ሴት አዝና ተቀምጣለች፤ በአንዳንዶቹ ላይ እጁ የታሰረ ወንድ በዛፉ ማዶ ቆሟል። ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ የታሰረ ሰው መልክ በየገበያው ዞረ።

በብሪታንያም ይኸው መልክ በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ሮማውያን እ.ኤ.አ. ከ142 ጀምሮ በዛሬዋ ስኮትላንድ ላይ የአንቶኒን ግንብ የሚባለውን ቅጥር ሲገነቡ እያንዳንዱ ሌጌዎን (የሮማ ክፍለ ጦር) የሠራውን ርዝመት የሚያስታውቅ የድንጋይ ጽላት ያቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ብሪጅነስ ላይ የተገኘው ጽላት ፈረሰኛ ወታደር በአራት ራቁታቸውን በሆኑ የአገሩ ተዋጊዎች ላይ ሲጋልብ ያሳያል፤ አንደኛው ራሱ ተቆርጧል። ሃቺሰን ሂል ላይ በተገኘው ሌላ ጽላት ላይ ሁለት ምርኮኞች እጃቸው የኋሊት ታስሮ በግራና በቀኝ ተንበርክከዋል። በቅርብ ዓመታት በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት በእነዚህ ጽላቶች ላይ የቀይና የቢጫ ቀለም ቅሪት እንዳለ አረጋግጧል። ዛሬ ግራጫ ድንጋይ ሆነው የምናያቸው ቅርጾች በዘመናቸው ደም የሚመስል ቀለም ተቀብተው ነበር ማለት ነው። ጽላቱን በየቀኑ የሚያልፉት ወታደሮች ብቻ አልነበሩም፤ የአካባቢው ሰዎችም ነበሩ፤ በድንጋዩ ላይ የተንበረከኩት ዘመዶቻቸው ናቸው።

በድንጋዮቹና በነሐሶቹ መካከል አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት አለ። በይፋ በተሠሩት የድል ቅርጾች ላይ የምርኮኛው እጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰረው የኋሊት ነው፤ አጠገቡም አሸናፊው ወይም የድል አምላክ ይቆማል። በትንንሾቹ ነሐሶች ላይ ግን እጁ ከፊት ታስሯል፤ ገመዱ አንገትን፣ እጅንና እግርን በአንድ ያገናኛል፤ አሸናፊም የለም። ይህ አስተሳሰር ሰውን ለማዋረድ ብቻ የተበጀ አይመስለኝም። ሰውን ሳይጎዱ፣ ሳያመልጥም፣ እስከሚሸጥ ወይም እስከሚጫን ድረስ ማቆያ ዘዴ ነው። ስለዚህ እኔ ወደ ባሪያ ንግዱ ወገን አዘነብላለሁ። ማስረጃው ግን ፍርድ የሚያሰጥ አይደለም፤ አንድ ምስል ከነተሰካበት ዕቃ ቢወጣ ይህ ሁሉ ሐሳብ በአንድ ቀን ሊገለበጥ ይችላል።

ምስሉ ዝም ያለበትን ነገር ሌሎች ግኝቶች ይናገራሉ። የጂኦግራፊ ጸሐፊው ስትራቦን ሮማውያን ብሪታንያን ከመያዛቸው በፊት ከደሴቲቱ ወደ ውጭ የሚላኩትን ሸቀጦች ሲዘረዝር እህል፣ ከብት፣ ወርቅ፣ ብር፣ ብረትና ቆዳ ይልና ባሪያዎችንና የአደን ውሾችን ይጨምራል። ይህ ዝርዝር በብረት ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በዌልስ አንግልሲ ደሴት ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ ከረግረጋማ አፈር ውስጥ ረጅም የብረት ሰንሰለት ወጣ። ሠራተኞቹ ምን እንደሆነ ስላላወቁ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀሩ የጭነት መኪናዎችን ጎተቱበት። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። በኋላ ባለሙያዎች ሲመረምሩት ሰዎችን በአንገታቸው ተራ በተራ አስሮ ለመንዳት የተሠራ፣ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ሰንሰለት ሆኖ ተገኘ። ሊን ኬሪግ ባክ በሚባለው በዚህ ቦታ ከወጡት ብዙ ዕቃዎች ጋር ዛሬ የዌልስ ብሔራዊ ሙዚየም ንብረት ነው።

የሰው አጽምም አለ። ሩትላንድ ውስጥ ግሬት ካስተርተን በምትባል መንደር የአንድ መኖሪያ ቤት ግንባታ ሲካሄድ በቁርጭምጭሚቱ ላይ ቁልፍ ያለው የብረት እግረ ሙቅ እንዳለ የተቀበረ ወንድ ተገኘ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። ሰውየው ከ26 እስከ 35 ዓመት ዕድሜ ላይ ነበር፤ የካርቦን ምርመራው የሞተበትን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ226 እና በ427 መካከል ያደርገዋል። ከዚያው 60 ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሮማውያን የመቃብር ቦታ ነበር። እሱ ግን የተጣለው ቦይ ውስጥ ነው፤ ገላው አልተስተካከለም፤ አንድ ጎኑ ወደ ላይ ተንጋዶ ነበር። እግረ ሙቁ ውድ ብረት ነው፤ ፈትቶ መውሰድ ይቻል ነበር። ሳይፈቱለት ቀበሩት።

ስም ያላት ሰውም አለች። እ.ኤ.አ. በ1994 በለንደን መሐል፣ ፖልትሪ በሚባለው ጎዳና በተደረገ ቁፋሮ ሰም ተቀብቶ ይጻፍበት የነበረ የእንጨት ሰሌዳ ተገኘ። ሰሙ ጠፍቷል፤ የብዕሩ ጫፍ እንጨቱን የቧጠጠበት ግን ቀርቷል። ጽሑፉ የሽያጭ ውል ነው። የተሸጠችው ፎርቱናታ የምትባል ልጃገረድ ናት፤ ትውልዷ በዛሬዋ ሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ከነበረው የዲያብሊንቴስ ሕዝብ ነው፤ ዋጋዋ 600 ዲናር። ይህ የአንድ ሌጌዎን ወታደር የሁለት ዓመት ደመወዝ ገደማ ይሆናል። ሻጩ ጤነኛ መሆኗን፣ የመጥፋትና የመኮብለል ጠባይ እንደሌላትም ዋስትና ይሰጣል። ገዢው ቬጌቱስ ራሱ ባሪያ ነው፤ የሞንታኑስ ባሪያ። ሞንታኑስም በተራው የንጉሠ ነገሥቱ ባሪያ ነው። በግዛቱ አስተዳደር ውስጥ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ እንዲህ ያሉ ባሪያዎች ነበሩ፤ ፎርቱናታም የባሪያ ባሪያ ለነበረ ሰው ንብረት ሆነች። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ የተጻፈ ነገር የለም።

ከግዛቱ ሰሜናዊ ጫፍ ደግሞ ሌላ ታሪክ መጥቷል። ሳውዝ ሺልድስ ላይ በነበረው የአርቤያ ምሽግ አጠገብ የተገኘ የመቃብር ድንጋይ ሬጊና የምትባል ሴት በወንበር ላይ ተቀምጣ ያሳያል፤ በአንድ እጇ የጌጥ ሣጥኗን ነክታለች፣ እግሯ ሥር የተጠቀለለ ክር የሞላ ቅርጫት አለ። ከደቡብ እንግሊዝ ከካቱቬላውኒ ሕዝብ የተወለደች ናት። ባሪያ ነበረች፤ ከሶርያዋ ፓልሚራ የመጣው ባራቴስ ነፃ አውጥቶ አገባት፤ በ30 ዓመቷ ሞተች። ድንጋዩ ላይ ከላቲኑ በታች ባልዋ በአገሩ ቋንቋ፣ የግዕዝ ዘመድ በሆነው በአራማይክ፣ አንድ መስመር አስጽፎላታል። ላቲኑ ስህተት አለበት፤ አራማይኩ ግን የተዋበ ነው። ያዘነበት ቋንቋ ያ ነበረና። በገዛ አገሯ እንዴት ባሪያ ልትሆን እንደቻለች ድንጋዩ አይናገርም፤ በጦርነት ተይዛ፣ በድህነት ተሸጣ፣ ወይም ከባሪያ ተወልዳ ሊሆን ይችላል።

ባርነትን በዚያ ዘመን ሰው ምን ያህል እንደለመደው ለማየት በባዝ ከተማ የፍል ውኃ ምንጭ ውስጥ የተጣሉትን የእርሳስ ቅጠሎች ማንበብ ይበቃል። ከ130 የማያንሱ ተገኝተዋል። ካባ ወይም ገንዘብ የተሰረቀባቸው ሰዎች ለምንጩ አምላክ ያመለከቱባቸው የእርግማን ጽሑፎች ናቸው። ሌባውን ስለማያውቁት ባሪያም ቢሆን ነፃም ቢሆን፣ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን እያሉ ያካትቱታል። በእነሱ አእምሮ የሰው ልጅ የመጀመሪያ አከፋፈል ይህ ነበር።

የታሰረ ሰውን በትንሽ ነሐስ መሥራት የሮማውያን ብቻ ልማድ አልነበረም። በዚያው በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከሜሮኤ፣ ከዛሬዋ ሱዳን፣ የመጣ ሌላ ትንሽ የነሐስ ምርኮኛ አለ። በሆዱ ተደፍቶ እጅና እግሩ ወደ ኋላ ተጠፍሯል። ሰውነቱ ላይ በሜሮኤ ፊደል የተቀረጸውን ጽሑፍ የኖባ ሕዝብ ንጉሥ መሆኑን ይገልጻል ብለው ያነበቡት ሊቃውንት አሉ። ያ ኖባ የሚለው ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግዕዝ ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ በኖባና በካሱ ሕዝቦች ላይ ያደረገውን ዘመቻ ይተርካል። ከተማረኩት 214 ወንዶች፣ 415 ሴቶችና ሕፃናት፣ በድምሩ 629 ብሎ ቆጥሮ ያስቀምጣል፤ ቀጥሎም የሞቱትን፣ ከዚያም 10,560 ከብትና 51,050 በግ መዘረፉን ይጽፋል። ድንበሩ የትም ቢሆን ምርኮኛ የሚቆጠረው ከከብቱ ጋር ነበር። የኢዛናን ጽሑፍ ስናነብ በድሉ እንኮራለን፤ 415ቱን ሴቶችና ሕፃናትም አብረን ማንበብ ይገባናል።

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ፤ ምክንያቱም ከእነዚህ ምስሎች ብዙዎቹ የተገኙት በቁፋሮ ባለሙያ እጅ አይደለም። ያገኟቸው ሜታል ዲቴክተር ይዘው በዕረፍት ቀናቸው ማሳ ለማሳ የሚዞሩ ሰዎች ናቸው። የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው። ከታች ባለው ክብ ሳህን ውስጥ የሽቦ ጥቅል አለ። በጥቅሉ ውስጥ ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍ ወደ አፈሩ የሚገባ የማግኔት መስክ ይፈጠራል። መስኩ ብረታ ብረት ሲያገኝ በዚያ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ጅረት ይቀሰቅሳል፤ ያ ጅረት የራሱን መስክ መልሶ ይልካል፤ ሳህኑ ይህን ተቀብሎ በጆሮ ማዳመጫው ድምፅ ያሰማል። ነሐስና ብር የሚሰጡት ድምፅ ከዛገ ሚስማር ይለያል፤ ልምድ ያለው ሰው ሳይቆፍር ይገምታል። ሳንቲም የሚያህል ነገር የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ እስከ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው አፈር ውስጥ ነው።

ይህ ጥልቀት ወሳኝ ነው። ማረሻ የሚገለብጠው አፈርም ያንኑ ያህል ነው። በዚህ ንብርብር ውስጥ ያለ ዕቃ ከመጀመሪያ ቦታው ተነቅሎ በትራክተር ሲገላበጥ የኖረ ነው፤ በማዳበሪያ ኬሚካልም ይበላል። ስለዚህ ፈላጊው ከዚያ ማውጣቱ ዕቃውን ከጥፋት ማዳን ሊሆን ይችላል። ከማረሻው በታች ያለው አፈር ግን ያልተነካ መዝገብ ነው። ምስሉ እዚያ ቢሆንና ሰውየው በድምፁ ጓጉቶ ወደ ታች ቢቆፍር፣ አጠገቡ የነበረውን የእንጨት ጥቁር ምልክት፣ የብረት ዝገት፣ የግድግዳ መሠረት ወይም የከሰል ንብርብር ይበትነዋል። የተሰካበትን ዕቃ ሊነግረን የሚችለው ደግሞ ይኸው የአፈር ምልክት ነው።

የእንግሊዝና የዌልስ ሰዎች ለዚህ ያበጁት መፍትሔ በእኔ እምነት ብልህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ፣ ከ2003 ወዲህ ደግሞ በሁለቱም አገሮች በሙሉ፣ ሰዎች ያገኙትን ዕቃ በፈቃዳቸው የሚያስመዘግቡበት ሥርዓት አለ፤ የሚያስተዳድረው ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። በየአካባቢው የተመደበ ባለሙያ ዕቃውን ይለካል፣ ይመዝናል፣ ፎቶ ያነሳል፣ የተገኘበትን ነጥብ በካርታ ላይ ይመዘግባል፣ ዕቃውን ለባለቤቱ ይመልሳል። ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች በዚህ መንገድ ተመዝግበዋል፤ መዝገቡንም ማንም ሰው በነፃ ያየዋል። የታሰሩት ምርኮኞች እዚህም እዚያም የወጡ ብርቅ ነገሮች ከመሆን አልፈው አንድ ዓይነት ቡድን መሆናቸው እየጎላ የመጣው በዚህ ምዝገባ ምክንያት ጭምር ነው። በእርግጥ ሁሉም አያስመዘግብም። በሌሊት ተደብቀው በተከለሉ ቅርሶች ላይ የሚቆፍሩ አሉ፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሕግ ወንጀል ነው። የባለመሬቱን ፈቃድ ሳያገኙ መፈለግም አይፈቀድም።

ሕጉ ለረጅም ጊዜ አንድ ትልቅ ክፍተት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የውድ ግኝት ሕግ በዋናነት የሚመለከተው ወርቅና ብርን ነበር። ብቻውን የተገኘ ነሐስ፣ የቱንም ያህል ብርቅ ቢሆን፣ መንግሥት የሚያስቀረው ነገር አልነበረም። ጉዳቱ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በካምብሪያ ክሮዝቢ ጋሬት አካባቢ አንድ ፈላጊ የሰው ፊት ያለው ድንቅ የሮማ ፈረሰኛ ራስ ቁር አገኘ። የመዳብ ቅይጥ ስለነበረ ሕጉ አላገደውም፤ በዚያው ዓመት በጨረታ ከ2.2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጦ በግለሰብ እጅ ገባ። የአካባቢው ሙዚየም ገንዘብ አሰባስቦ ሊገዛው ሞክሮ ነበር፤ አልቻለም። ሕጉ የተሻሻለው ከ13 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2023 ነው። ከዚያ ወዲህ ከ200 ዓመት በላይ ያስቆጠረና የተለየ ታሪካዊ ዋጋ ያለው የብረታ ብረት ዕቃ ከምንም ቢሠራ ሊጠበቅ ይችላል። ስኮትላንድ ግን ከመጀመሪያውም የራሷ ሥርዓት አላት፤ እዚያ የተገኘ ጥንታዊ ዕቃ ሁሉ የዘውዱ ነው፤ መነገር አለበት።

በእኛ አገር ሕጉ ከዚህ ይጠብቃል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲጠረግ ወይም ማዕድን ሲፈለግ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያው እንዲያሳውቅና ግኝቱን ባለበት እንዲጠብቅ ያዛል። በእንግሊዝ የሚኖር ወገናችን ግን እዚያ መሣሪያ ይዞ በፈቃድ ማሳ ላይ ቢወጣ ሕግ አያግደውም፤ እንዲህ ያለ ምስልም ሊገጥመው ይችላል።

ከገጠመው የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው። መጀመሪያ ቆም ብሎ የቆመበትን ነጥብ በስልኩ የአቅጣጫ መጠቆሚያ መያዝ፣ ከማረሻው ንብርብር በታች ከሆነ ደግሞ መቆፈሩን አቁሞ ባለሙያ መጥራት። ሁለተኛው ምስሉን አለማጠብ ነው። ብዙ ሰው ያገኘውን ነሐስ እቤቱ ወስዶ በብሩሽና በሳሙና ይፈትጋል፤ ምስሉ ያምራል፣ ማስረጃው ግን በቧንቧ ይወርዳል። የእነዚህ ምርኮኞች ትልቁ ምስጢር ያለው በሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። በአንደኛው ውስጥ የዛገ ብረት ቢቀር የብረት ዘንግ ወይም ሰንሰለት አልፎበት እንደነበር ያሳያል፤ የእንጨት ወይም የክር ቅሪት በዝገቱ ተጠብቆ ቢገኝ በማይክሮስኮፕ ይለያል፤ የቀዳዳው ጠርዝ መበላቱ ወይም አለመበላቱም ምስሉ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ እንደነበር ወይም ጥብቅ ብሎ ተሰክቶ እንደነበር ይለያል። ስለዚህ ጭቃው በቀዳዳዎቹ ውስጥ እንዳለ፣ ምስሉ ሳይታጠብ፣ በትንሽ ሣጥን ተደርጎ ለመዝጋቢው ባለሙያ ይሰጥ።